ጎራዴው ትከሻዬን ይመታል፤ ጥፋቱ የቪዲዮው ነው ወይስ የእኔ?

ጥያቄ

«ባለ 24 እንቅስቃሴውን የታይ ቺ (ዝግ ያለ የቻይና የትግል ጥበብ) ፎርም፣ ማለትም የእንቅስቃሴዎች ቅደም ተከተል፣ ሁለት ዓመት ከአስተማሪ ተምሬያለሁ። ጎራዴ የሚያስተምር ሰው ስላላገኘሁ የያንግ ስታይልን (ከታይ ቺ ስልቶች አንዱ ነው) የጎራዴ ፎርም ከቪዲዮ ጀመርኩ፤ የእንጨት ጎራዴም ገዛሁ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ። በየቀኑ ቪዲዮውን ከፍቼ ከአስተማሪው ጋር እኩል እሠራለሁ። ቪዲዮው ሲዘጋ ግን ከአራተኛው የእንቅስቃሴ ስም በኋላ ያለው ሁሉ ይጠፋኛል። ፎርሙ 13 ነው ይባላል፤ እኔ ስቆጥረው ግን ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ጎራዴውን በራሴ ዙሪያ ሳዞረው ትከሻዬን፣ አንዳንዴም ጆሮዬን ይመታኛል። ማታ ማታ የእጄን አንጓ በአውራ ጣቴ በኩል ያመኛል። ሌላ ቪዲዮ ሳይ ደግሞ ሰውየው የግራ እጁን ሌላ ቦታ ያደርጋል። የትኛውን ልመን? ወይስ ጎራዴ ከቪዲዮ አይለመድም ብዬ ልተወው?»

ግራ እጄ የጠፋብኝ

ምላሽ

አይተዉት። ከቪዲዮው ጋር እኩል መሥራቱን ግን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ፤ ከጻፉልን ችግሮች ግማሹ የሚመጣው ከዚያ ነው።

አብረው ሲሠሩ ቅደም ተከተሉን የሚያስታውሰው ስክሪኑ ነው። እርስዎ ግማሽ ሰከንድ ዘግይተው ይቀዳሉ፤ ሰውነትዎ ቀጥሎ የሚመጣውን ራሱ ፈልጎ የማግኘት ዕድል አያገኝም። ሦስት ሳምንት እንዲህ ተሠርቶ ምንም አለመቅረቱ የማስታወስ ችሎታዎን የሚያሳማ አይደለም። ሁለተኛው ጉዳት በአንገት ላይ ነው። ፎርሙ ወደ ኋላ ሲዞር እርስዎ ዐይንዎን ከስክሪኑ ላለመንቀል አንገትዎን ይጠመዝዛሉ፤ አንገት ሲጠመዘዝ ትከሻ ይነሳል፣ ወገብ ሳይዞር ይቀራል፣ ጎራዴውም መንገዱን ይስታል። ትከሻዎን ከሚመታባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ ወደ ዋናው ምክንያት ቆይተን እንመለሳለን።

መጀመሪያ የ13ቱን ነገር እንጨርስ። 13 የስንኝ ቁጥር ነው። የያንግ ጎራዴ የእንቅስቃሴ ስሞች በቻይንኛ በ13 ስንኝ ተገጥመው በቃል የሚያዙ ናቸው፤ በአንዱ ስንኝ ውስጥ ደግሞ ብዙ እንቅስቃሴ ይታጨቃል። ስለዚህ «ከአራተኛው በኋላ ጠፋኝ» ሲሉ እርስዎ ከሚያስቡት የበለጠ ርቀው ሄደዋል ማለት ነው። አምስተኛው ስንኝ፣ የጠፋብዎት ቦታ፣ ነፋስ የሎተስ አበባን ሲጠቀልልና ከቅጠሉ ሥር ሲሸሽግ የሚል ነው። ስሞቹን እንደ ጌጥ አይለፏቸው። መጠቅለልና መሸሸግ ሲባል የሚጠቀለልና የሚሸሸግ ነገር አለ፤ ቃሉን በልብ መያዝ እጅን ያስታውሳል።

ቪዲዮውን እንዴት እንደሚያዩት ደግሞ እነሆ። ለአንድ ሳምንት ከ10 እስከ 15 ሰከንድ የምታህል ቁራጭ ብቻ ይውሰዱ። ፎርሙ ሲሠራ ሁለት ደቂቃ ገደማ ቢፈጅ በዚህ ስሌት አሥር ሳምንት አካባቢ ይበቃዎታል፤ ከዚህ መቸኮል አያዋጣም። ቁራጯን ተቀምጠው አምስት ጊዜ ይዩ። በመጀመሪያው እግሩን ብቻ፣ በሁለተኛው ደረቱ ወዴት እንደሚያይ፣ በሦስተኛው ጎራዴ የያዘውን እጅ፣ በአራተኛው ባዶውን እጅ፣ በአምስተኛው ዐይኑን። ዐይን ሳይመራ ሲቀር ሁልጊዜ ጎራዴው ይመራል፤ ጎራዴ የሚመራው ሰው ደግሞ ይንገዳገዳል። ከዚያ ስክሪኑን ያጥፉ። ይነሱና እጅዎን ወገብዎ ላይ አድርገው እግሩን ብቻ ይሥሩ። እግሩ ያለ ማመንታት ሲሄድ ባዶ እጅዎን ይጨምሩ። ጎራዴው የሚነሳው በመጨረሻ ነው።

ሲጠፋብዎት ሮጠው ወደ ቪዲዮው አይመለሱ። የመሰለዎትን ይሥሩና ይሳሳቱ፤ ከዚያ ሄደው ያረጋግጡ። ፈልጎ ማግኘቱ ነው የሚያስቀምጠው። አዲሱን ቁራጭ ሲጀምሩ ካለፈው ቁራጭ መጨረሻ ሦስት ሰከንድ ወደ ኋላ ተመልሰው ይጀምሩ፤ አለዚያ ቁራጮቹን ለየብቻ ያውቁና መገጣጠሚያው ላይ ይቆማሉ። ቪዲዮ አቁሞ ፎቶ ማየት የሚያሳስተውም ለዚሁ ነው። የቆመው ምስል የእንቅስቃሴውን መጨረሻ ያሳያል፤ ጎራዴ ሥራውን የሚሠራው ግን በሁለቱ አቋቋሞች መካከል ነው። ከማቆም ፍጥነቱን ወደ 0.75 ወይም ወደ 0.5 ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ርግጫው ሲደርስ ግን ወደ መደበኛው ፍጥነት ይመልሱት፤ በዝግታ የታየ ርግጫ እግሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ የሚቆይ ያስመስላል።

አንድ ደብተር ይያዙ። ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አንድ መስመር ትበቃለች፤ ለምሳሌ፦ «ፊት ወደ ቀኝ፤ ክብደት ግራ እግር ላይ፤ ስለት ወደ ውጭ፤ ጫፍ ወደ መሬት፤ ግራ እጅ ቀኝ ብብት አጠገብ።» ሊሞሉት ያልቻሉት ክፍት ቦታ ገና ያላዩትን ነገር ይነግርዎታል። በአብዛኛው ክፍት የሚቀረው የስለቱ ቦታ ነው። «ቀኝ» እና «ኋላ» የሚሉትን ከክፍሉ አንጻር ይጻፉ፤ ሲጀምሩ ያዩት የነበረው ግድግዳ እስከ መጨረሻው «ፊት» ተብሎ ይቀጥል። ከራስዎ አንጻር ከጻፉት ሁለት ጊዜ ከዞሩ በኋላ ቀኝዎ የማን ቀኝ እንደሆነ አይታወቅም። ወለሉ ላይ በፕላስተር የመስቀል ምልክት መለጠፍም ይረዳል። መስመሮቹን በራስዎ ድምፅ ስልክዎ ላይ ቀድተው እየሰሙ ቢሠሩ ደግሞ ወደ ኋላ ሲዞሩም መሪዎ አይጠፋም።

አሁን ወደ ትከሻዎ።

ጎራዴን በራስ ዙሪያ ማዞር ሁለት ዓይነት ነው። ቻይናውያን አንዱን ቻን ቶው፣ ሌላውን ጉዎ ናው ይሉታል። በቻን ቶው ጫፉ ወደ መሬት ተንጠልጥሎ የጎራዴው ጀርባ በግራ ትከሻ በኩል ገብቶ፣ ወገብና ትከሻን ተጠግቶ ከኋላ አልፎ፣ በቀኝ ትከሻ በኩል ይወጣል። ጉዎ ናው በተቃራኒው በቀኝ ገብቶ በግራ ይወጣል። ጎራዴ በአንድ በኩል ብቻ ስለት ያለው መሆኑ እዚህ ጋ ትርጉም ያገኛል። ወደ ሰውነት የሚጠጋው የማይቆርጠው ጀርባው ነው፤ ስለቱ ዙሪያውን በሙሉ ወደ ውጭ ያያል። በሁለቱም በኩል ስለት ባለው ቀጥ ያለ ሰይፍ ይህን የሚሞክር ሰው ጀርባውን ይቆርጣል።

ሲመታዎት ከሦስት ነገሮች አንዱ ተበላሽቷል። የመጀመሪያውና የተለመደው እጅ ዝቅ ማለቱ ነው። እጅዎ በጆሮ ከፍታ ላይ ካለፈ ጎራዴው የሚያልፍበት ቦታ የለም፤ ወይ ትከሻ ይመታል፣ ወይ እርስዎ ራስዎን ዝቅ አድርገው ያሳልፉታል። ራስ ቀጥ ብሎ መቆየት አለበት፤ የያዘው እጅ ከአናት በላይ አንድ ጡጫ ያህል ከፍ ብሎ ይለፍ። ሁለተኛው አንጓው ዘግይቶ መዞሩ ነው። እጅ ወደ ላይ መሄድ ሲጀምር አንጓው አብሮ ወደ ውስጥ ዞሮ ጫፉን መጣል አለበት፤ እጁ ከላይ ከደረሰ በኋላ ጫፉን ልጣል ካሉ ጎራዴው አግድም እንደሆነ ጆሮዎን ያገኘዋል። ሦስተኛው ጭብጥ መጥበቁ ነው። በጡጫ የተጨበጠ ጎራዴ መንጠልጠል አይችልም።

ይህን ሁሉ አንድ የእጅ ፎጣ ያስተምርዎታል። ፎጣውን አንድ ጫፉን ይዘው በጎራዴው ምትክ ያዙሩት። ፎጣ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይንጠለጠላልና ጫፍ መጣል ምን እንደሆነ ሳያስቡት ያዩታል። በግራ ትከሻዎ ውጭ አስገብተው፣ ጀርባዎን እንዲዳብስ አድርገው፣ በቀኝ ያውጡት። ፎጣው ፊትዎ ላይ ከወደቀ እጅዎ ቀርቧል፤ ጀርባዎን ሳይነካ ከተንሳፈፈ ፈጥነዋል፤ አንገትዎ ላይ ከተጠመጠመ እጅዎ ዝቅ ብሏል። በቻን ቶው 10፣ በጉዎ ናው 10 ጊዜ። ለጥቂት ቀናት በፎጣ ብቻ ይሥሩ። ከዚያ ወደ እንጨቱ ይመለሱና በዝግታ 8 ጊዜ፣ በሦስት ዙር ያድርጉት። የጎራዴው ጀርባ ልብስዎን ሲያሽ ትንሽ ድምፅ ይሰማል፤ ያ ድምፅ ሳይቋረጥ ከግራ ትከሻ እስከ ቀኝ ትከሻ ከተሰማ ትክክል ነው። ትከሻዎ የቀድሞ ጉዳት ካለበትና እጅዎ ከአናትዎ በላይ ያለ ሕመም ካልሄደ ግን አያስገድዱት፤ ክቡን ከሰውነትዎ አርቀው ሰፋ ያድርጉት።

ከእንጨት ጎራዴ ጋር አንድ ችግር አለ፤ ስለቱና ጀርባው በእጅ ሲያዙ ብዙም አይለያዩም። ስለቱ በኩል ከጫፍ እስከ መከላከያው (እጀታውን ከስለቱ የሚለየው፣ እጅን የሚጠብቀው ክፍል) ቀይ ፕላስተር ይለጥፉ። በመስታወትም ሆነ ራስዎን በቀረጹት ቪዲዮ ላይ ቀዩ ወደ ሰውነትዎ ሲዞር ወዲያው ያዩታል። በእጅ የሚታወቅበትም መንገድ አለ፦ እጀታውን ሲይዙ የአራቱ ጣቶችዎ መካከለኛ መገጣጠሚያዎች ከስለቱ ጋር በአንድ መስመር ይሰለፉ፤ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ያለው ቦይ ደግሞ በጀርባው በኩል ይሁን። መስመሩ ከተዛባ ቆረጥኩ ያሉት በጠፍጣፋው እየመታ ነው።

የአንጓዎ ሕመም ከዚሁ ከአያያዙ ጋር የተያያዘ ይመስላል። እጀታውን የሚይዙት አውራ ጣትና አመልካች ጣት ናቸው፤ መከላከያውን ተጠግተው። የቀሩት ሦስት ጣቶች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ሲቆርጡ ይጠብቃሉ፣ ሲያዞሩ ይላላሉ። በራስ ዙሪያ ሲዞር ትንሿ ጣት እጀታውን ልትለቅ ትንሽ እስኪቀራት ድረስ መላላት አለባት። ሦስቱም ጣቶች ሁሌ ተጨምድደው ከቆዩ የመዞሩ ሥራ በሙሉ በአውራ ጣት በኩል ባለው የአንጓ ጅማት ላይ ይወድቃል። ጎራዴውንም ይፈትሹት። በአንድ ጣት ላይ አጋድመው ሚዛን የሚይዝበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ያ ቦታ ከመከላከያው ከአንድ ስንዝር በላይ ወደ ጫፉ ከራቀ ክብደቱ ያን ያህል ባይሆንም ለአንጓ ይከብዳል። እንጨት ከሆነ ጫፉ አካባቢ በሞረድ ማሳሳት ይቻላል። ርዝመቱን ደግሞ በግራ እጅዎ በተገላቢጦሽ፣ ጫፉ ወደ ላይ፣ ክንድዎን ወደ ታች ዘርግተው ይያዙትና ይዩ፤ በውድድር ደንብ ጫፉ ከጆሮ የላይኛው ጠርዝ ዝቅ ማለት የለበትም። ለልምምድ ከዚያ ትንሽ ቢያጥር ምንም አይደለም፤ ብዙ ቢረዝም ግን በራስ ዙሪያ ሲያዞሩት መሬት ይነካል። ለጊዜው ሕመሙ እስኪለቅ በፎጣና በባዶ እጅ ብቻ ይሥሩ። ሳይሠሩም የሚያምዎት ከሆነ ወይም ጣትዎ ከደነዘዘ ጉዳዩ የሐኪም ነው።

የግራ እጅዎ ነገር፣ ቅጽል ስምዎ ያደረጉት፣ በዚህ ዘርፍ ሰዎች ከሚያስቡት በላይ ከባድ ነው። በቻይና የጎራዴ ባለሙያዎች ዘንድ «በነጠላ ጎራዴ እጁን ተመልከት፣ በጥንድ ጎራዴ እርምጃውን» የሚል አባባል አለ። እጁ የተባለው ባዶው እጅ ነው። አንድን ሰው ጎራዴ ያውቃል አያውቅም ለማለት የሚታየው ያ ነው፤ ጀማሪ ግራ እጁን እንደተሰበረ ክንፍ አንጠልጥሎት ይሄዳል።

ባዶው እጅ ሦስት ሥራ አለው። አንዳንዴ ጎራዴው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ እሱ በተቃራኒው ተዘርግቶ ሚዛን ይጠብቃል። አንዳንዴ የቀኝ እጅን አንጓ ወይም የጎራዴውን ጀርባ ደግፎ ኃይል ይጨምራል፤ መዳፍ ስለት በኩል መቼም አይቀመጥም። አንዳንዴ ደግሞ ራሱን ችሎ ይገፋል ወይም ይከላከላል። በራስ ዙሪያ ሲዞር ግራ እጅ ወደ ቀኝ ብብት ተጠግቶ ከጎራዴው መንገድ ይወጣል፤ ጎራዴው በቀኝ ሲወጣ እሱ ይከፈታል። ሁለቱ ቪዲዮዎች የተለያዩት ምናልባት አንዱ አስተማሪ እጁን ለሚዛን ሌላው ለድጋፍ ስለተጠቀመበት ነው። የያንግ ጎራዴ በየአስተማሪው የትውልድ መስመር በዝርዝሩ ይለያያልና ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ትክክል የማይሆነው የአንዱን እግር ከሌላው እጅ ጋር ማዳቀል ነው። አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻው ከእሱ ጋር ይዝለቁ።

ለመምረጥ የምንለው ይህ ነው። ካሜራው የማይንቀሳቀስ፣ እግሩን ከመሬት ጀምሮ ጫፉን እስከ ላይ የሚያሳይ፣ አንዱን ፎርም ከፊትም ከኋላም የቀረጸ ቪዲዮ ይሻላል። ከኋላ የተቀረጸው ለመማር ነው፤ የእሱ ቀኝ የእርስዎ ቀኝ ነው። ከፊት የተቀረጸው ለማረጋገጥ ነው። አንድ አቅጣጫ ብቻውን አይበቃም፤ ወደ ካሜራው የተወጋ ጎራዴ አጭር ዱላ መስሎ ይታያል፣ ጫፉ ደረት ላይ ይሁን ጉሮሮ ላይ አይለይም። ምስሉ በመስታወት እንደታየ የተገለበጠ አለመሆኑንም ያረጋግጡ። ፎርሙ ሲጀመር ጎራዴው በግራ እጅ ተይዞ ጀርባው ክንድ ላይ ተጋድሞ፣ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይታያል፤ ትንሽ ቆይቶ ወደ ቀኝ እጅ ይተላለፋል። በቪዲዮው ላይ ይህ ተገላቢጦሽ ከሆነ ይዝለሉት። የበዛ ሙዚቃና የካሜራ መቆራረጥ ያለበትን ለመዝናኛ ይተዉት። ሌላው የታይ ቺ ስልት፣ የቸን ስታይልም፣ ለአሁን ይቅር፤ ድንገተኛ የኃይል ፍንዳታ፣ ዝላይና መሬት መርገጥ ስላለው ያለ አስተማሪ ጉልበት ይበላል። እርስዎ የሚያውቁት ባለ 24ቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በቻይና የስፖርት ኮሚሽን የተቀናበረው፣ የተቀዳው ከያንግ ነውና እግርዎ መንገዱን ያውቀዋል።

ጉልበት ካነሳን አይቀር፦ ጎራዴ ሲይዙ ሰው ሁሉ እግሩን ይረሳል። ክብደት ያረፈበትን እግር በቦታው መጠምዘዝ ጉልበትን የሚጎዳ የመጀመሪያው ነገር ነው። መጀመሪያ ክብደቱን ወደ ሌላው እግር ያሻግሩ፣ የቀለለውን እግር በተረከዙ ላይ ያዙሩ፣ ከዚያ ክብደቱን ይመልሱ። ጉልበት የእግር ጣቶች ወደሚያመለክቱበት ይሂድ፤ ከእነሱ አያልፍ። ቪዲዮው ላይ ይህ የክብደት ልውውጥ አይታይም። የሚታየው ተረከዝ ሲላላ ነው፤ ስለዚህ ተረከዙን ይመልከቱ።

በሳምንት አንድ ጊዜ ራስዎን ይቅረጹ። ስልኩን በእምብርት ከፍታ፣ 3 ወይም 4 ሜትር ርቀት ላይ፣ ከኋላዎ ያቁሙ፤ የፊት ካሜራው ምስል ሊገለብጥ ስለሚችል በኋላ ካሜራው ይጠቀሙ። 20 ሰከንድ ይበቃል። ሲመለከቱ አንድ ነገር ብቻ ይፈልጉ፤ በዚህ ሳምንት ቀዩን ፕላስተር፣ በሚቀጥለው ተረከዙን። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ላርም ያለ ምንም አያርምም።

ከፎርሙ ሲሶው ላይ ሲደርሱ ይቁሙና ይህንኑ ቅጂ ጎራዴ ለሚያውቅ ሰው ያሳዩ፤ በአካል ካልተገኘ በቪዲዮ ጥሪም ይሆናል። አንድ ሰዓት ይበቃል። ከማለቁ በፊት ሲሶው ላይ የምንልዎት ምክንያት አለን፤ የአያያዝና የስለት ስህተት በሁሉም እንቅስቃሴ ውስጥ ይደጋገማል፣ ፎርሙ ከተጠናቀቀ በኋላ ሲነቀል ሙሉውን እንደገና መማር ይሆናል።

ቦታውን በተመለከተ ጎራዴውን ወደ ላይ ሙሉ በሙሉ ዘርግተው ጣሪያው ከጫፉ ቢያንስ አንድ ስንዝር መራቁን ይዩ፤ ካልራቀ ቤት ውስጥ በአጭር ዱላ፣ ደጅ በጎራዴው ይሥሩ። እጀታው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለውን ጨርቅ ለአሁን ይፍቱት፤ በራስ ዙሪያ ሲያዞሩ አንጓ ላይ ይጠመጠማል። ፎርሙን ሳያዩ አምስት ጊዜ በተከታታይ ከሠሩና ጎራዴው አንድም ጊዜ ካልነካዎት ወደ ብረቱ መሸጋገር ይችላሉ፤ ስለቱ ያልተሳለ ይሁን፣ ከተሸጋገሩ በኋላም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በግማሽ ፍጥነት ብቻ ይሥሩ። ብረት ከእንጨት ስለሚከብድ የፎጣውን ልምምድ ያኔም አይተዉት። ጨርቁን መልሰው የሚያስሩትም ያኔ ነው።